ፕሮግራሙ ባይመጣ ኖሮስ? ድህነትን ስለሚቀንሱ ሥራዎች አመዛዘን



ስለ ድህነት ላስተምራችሁ አልመጣሁም፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከእኔ አብልጣችሁ የምታውቁት ሞልታችኋል። የመጣሁት አንዲት ጥያቄ ይዤ ነው። ድህነትን ይቀንሳል ተብሎ ገንዘብ የፈሰሰበት ፕሮግራም በእርግጥ መቀነሱን በምን እናውቃለን? ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ራሱ ፕሮግራሙን የሚያካሂደው አካል ስለሆነ መልሱ ከጥያቄው በፊት የታወቀ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ጥናቶቹ የታተሙት በዚያ ስለሆነ ነው።)

በጋሞ ዞን ፕሮጀክት ያላየ ቀበሌ ማግኘት ይከብዳል። ከጨንቻ ደጋ እስከ ምዕራብ ዓባያ ቆላ ድረስ ፍየል ታድሏል፣ የአፕል ችግኝ ተተክሏል፣ ቦይ ተቆፍሯል፣ እርከን ተሠርቷል፣ የቁጠባ ቡድን ተቋቁሟል። የፕሮጀክቱ ዘመን ሲያልቅ የማጠናቀቂያ ግምገማ ይደረጋል። ገምጋሚዎች በመኪና ይመጣሉ፣ የተመረጡ ተጠቃሚዎችን ያነጋግራሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። ሪፖርቱም ይህን ያህል አባወራና እማወራ ተጠቃሚ ሆነዋል፣ ኑሯቸውም ተሻሽሏል ይላል። ውሸት ነው አልልም። ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ኑሮው መሻሻሉም እውነት ሊሆን ይችላል። የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

እንበልና ላንቴ አካባቢ አንድ ድርጅት ለችግረኛ ቤተሰቦች ፍየል ሰጠ። በሁለተኛው ዓመት ተቀባዮቹ የሣር ክዳናቸውን በቆርቆሮ ቀየሩ፤ ድርጅቱም ፍየሉ ለውጥ አመጣ አለ። ነገር ግን በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ የሙዝ ዋጋ ከፍ ብሎ ከሆነ፣ ፍየል ያልደረሰው ጎረቤትም ሙዙን ለነጋዴ ሸጦ ቆርቆሮ መትቷል። ፍየሉ የሠራው ምኑን ነው? አሁን ደግሞ ገልብጣችሁ እዩት። ዓመቱ ድርቅ ነበር እንበል። ፍየል የተሰጣቸው ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ አንዲት ጥሪት አልጨመሩም፤ ገምጋሚው ፕሮጀክቱ ከሸፈ ብሎ ጻፈ። ጎረቤቶቻቸው ግን በድርቁ የከብታቸውን ግማሽ ሸጠው ነበር። እንግዲህ ባለፍየሎቹ ባሉበት መቆየታቸው ራሱ ትልቅ ውጤት ነው፤ እኛ ግን ውድቀት ብለን መዘገብነው። የሁለቱም ስሕተት ምንጭ አንድ ነው። የታየው ፕሮግራሙ የመጣለት ሰው ብቻ ነው፤ ባይመጣለት ኖሮ የት ይገኝ እንደነበር የጠየቀ የለም።

በአገር ደረጃም ያው ነው። በመንግሥት አኃዝ መሠረት በ2004/05 ከሕዝባችን 38.7 በመቶ የሚሆነው ከድህነት ወለል በታች ነበር፤ በ2015/16 ወደ 23.5 በመቶ ወረደ። ለችግረኛ ቤተሰቦች ገንዘብ ወይም እህል የሚከፍለው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የተጀመረው በ2005 ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሴፍቲኔት ድህነትን በ15 ነጥብ ቀነሰ ሊል ይችላል። ይሁንና በዚያው ዘመን መንገድ ተሠርቷል፣ ማዳበሪያ ተሠራጭቷል፣ የልማት ሠራተኞች በየቀበሌው ተመድበዋል፣ የእህል ዋጋ ጨምሯል፣ ዝናቡም በአብዛኛው ደህና ነበር። የዓለም ባንክ በ2014 ባወጣው የድህነት ግምገማ የሴፍቲኔት ክፍያ በቀጥታ የቀነሰው የአገሪቱ የድህነት መጠን 2 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ነው፤ ትልቁን ድርሻ የያዘው የግብርና ዕድገት ነበር። ለእኔ 2 ነጥብ ትንሽ አይደለም፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ማለት ነው። ግን 15 አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ስለ ገጠር ኢትዮጵያ ኑሮ በዓለም ላይ በጣም ከሚጠቀሱት መረጃዎች አንዱ ከፊሉ የተሰበሰበው ከዚሁ ዞን፣ ዳራማሎ ወረዳ ውስጥ ካለችው ዶማ ነው። ይህን የሚያውቅ የዞናችን ሰው ብዙ መሆኑን እጠራጠራለሁ። ዶማ በ1985 የሰፈራ መንደር ሆና የተመሠረተች ቆላማ ቀበሌ ናት። በተመሠረተችበት ዓመት ድርቅ ነበር፤ በ1988፣ በ1989ና በ1990ም ተደጋገመባት። በ1989 ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ጥናት ካካሄደባቸው ጥቂት መንደሮች አንዷ ነበረች። በ1994 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ክፍልና የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ጥናት ማዕከል ገብተውበት መንደሮቹ 15 ደረሱ፤ ወደ 1,470 የሚጠጉ ቤተሰቦችም ተያዙ። ከዚያ እስከ 2009 ድረስ እየተመላለሱ የጠየቁት ያንኑ ቤተሰብ ነው። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን ብትጠይቁ የሁለት ሰዎች ልዩነት ነው የሚገኘው፤ አንዱን ቤተሰብ ለሃያ ዓመት ስትከታተሉት ግን በሬው ሲሞት፣ ልጅ ሲዳር፣ መንገድ ሲገባ ምን እንደሆነ ታያላችሁ።

መረጃው እንዴት እንደሚሰበሰብ ትንሽ ላሳያችሁ፤ ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ሥራ ብዙ ጊዜ ይረሳል። መረጃ ሰብሳቢው ጎጆው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ላም አለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ባለቤቱ አንዲት አለች ይላል። ያንተ ናት? የለም፣ ለርቢ ነው የያዝኳት፤ የወንድሜ ሚስት ላም ናት፣ ጥጃው እኩል ነው። ታዲያ ይህች ላም በማን ስም ትጻፍ? ቀጥሎ፣ ባለፈው ዓመት ስንት ኩንታል በቆሎ አገኘህ ይባላል። እሱ የሚያስበው በኩንታል ሳይሆን በጆንያ ነው፤ ጆንያው ደግሞ አንዱ ሞልቶ የታሰረ፣ ሌላው እስከ አንገቱ ብቻ ነው፤ ግማሹም በእሸት ተበልቷል። ደጋ ብትወጡ ደግሞ መሬት ውስጥ የተቀበረ ቆጮ ስንት ኪሎ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ከሁሉ የከፋው ግን ፍርሃቱ ነው። በሬ አለኝ ካልኩ ከሴፍቲኔት እሠረዛለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው በሬውን በአፉ ያርደዋል። ጎበዝ መረጃ ሰብሳቢ ይህን ያውቃል፤ ጉድጓዱን፣ ጋጣውን፣ የልጁን ወሬ ያያል፣ ይሰማል። ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ጥናቱ እንዲህ አለ የሚል ሰው ይህን ደጃፍ ቢያይ ደግ ነበር።

ከእነዚህ 15 መንደሮች ከወጡት ውጤቶች ለእኛ ለመንገድ ናፋቂዎቹ የሚቀርበውን ልንገራችሁ። ስቴፋን ደርኮን፣ ዳንኤል ጊሊጋን፣ ጆን ሆዲኖትና የእኛው ጣሰው ወልደሃና በ2009 ባሳተሙት ጥናት ከ1994 እስከ 2004 ያለውን መረጃ መረመሩ። ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ማግኘት የቤተሰብን የፍጆታ ዕድገት በ16.3 የመቶኛ ነጥብ ሲጨምር ድህነትን በ6.9 ነጥብ ቀንሷል። ቢያንስ አንድ ጊዜ የግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የጎበኘው ቤተሰብ ዘንድ ደግሞ ድህነት በ9.8 ነጥብ ወርዷል። የምትጠይቁኝን አውቃለሁ፤ የልማት ሠራተኛ የሚሄደው አስቀድሞ ጎበዝ ወደሆነው ሞዴል ገበሬ አይደለም ወይ? ትክክል ናችሁ። ተመራማሪዎቹም ያንኑ ፈርተው እያንዳንዱን ቤተሰብ ከራሱ የቀድሞ ኑሮ ጋር አነጻጽረዋል፤ በተፈጥሮው ብርቱ የሆነውን ሰው ብርታት ከሒሳቡ ለማውጣት ሌላም ብዙ ደክመዋል። ፍጹም ነው አይባልም። ከፎቶው ሪፖርት ግን በጣም ይሻላል።

ሴፍቲኔት ላይ ትንሽ ልቆይ። በዞናችን በርካታ ወረዳዎች ያለፉበት ነው፤ ስለ እሱ የማይናገር ሰውም የለም። ሕጉን ታውቁታላችሁ። ጉልበት ያለው ሰው በወር 5 ቀን፣ በዓመት 6 ወር እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ አረጋዊ፣ ሕመምተኛና ነፍሰ ጡር ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር፤ 3 ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ የተተመነ። ጊሊጋን፣ ሆዲኖትና አለማየሁ ሥዩም ታፈሰ የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት መርምረው በ2009 ያሳተሙት ውጤት ብዙ ሰው አስደንግጧል፤ ፕሮግራሙ በአማካይ ያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ይህን አርዕስት ብቻ ያነበበ ሰው ሴፍቲኔት አይሠራም ብሎ ይዘጋዋል። ጥናቱን እስከ መጨረሻው ያነበበ ግን ምክንያቱን ያገኛል። ለሰዎቹ የደረሳቸው ክፍያ ሊደርሳቸው ከታቀደው እጅግ ያነሰ ነበር። ክፍያው ሳይጎድል ከተከፈላቸው፣ ከዚያም በላይ የብድርና የግብርና ድጋፍ ከተጨመረላቸው ቤተሰቦች ዘንድ ግን የምግብ ዋስትናው ተሻሽሏል፤ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ መጠቀም፣ ከእርሻ ውጭ ንግድ መጀመር ታይቷል።

እኔ ከዚህ የምይዘው ይህን ነው። ሠራ ወይ ብሎ ከመጠየቅ በፊት ደረሰ ወይ ማለት ያስፈልጋል። ወረቀት ላይ 6 ወር፣ እጅ ላይ 3 ወር የሆነ ክፍያ ስለ ሴፍቲኔት አይነግረንም፤ ስለ ክፍያው መጉደል ነው የሚነግረን። በኋላ ክፍያው ሲስተካከል ጉሽ ብርሃነና ባልደረቦቹ በ2014 ባወጡት ጥናት አምስት ዓመት በፕሮግራሙ የቆየ ቤተሰብ አንድ ዓመት ብቻ ከቆየው ጋር ሲነጻጸር የረሃቡ ወራት በ1.3 ገደማ አጥሮለታል። አንድ ወር ከሳምንት ማለት ነው። በቆሎ ሳይደርስ፣ ጎተራው ባዶ ሆኖ፣ ሽፈራው ቅጠል እየተቀቀለ የሚያልፈውን ወር የሚያውቅ ሰው የዚህን ቁጥር ክብደት ያውቃል።

ሌላም አለ። ጥሬ ገንዘብ ይሻላል ወይስ እህል በሚለው ክርክር ራቸል ሳባቴስ ዊለርና ስቴፈን ዴቨሩ ከ2006 እስከ 2008 ያለውን አይተው፣ እህል የተከፈለው ወይም እህልና ገንዘብ የተቀላቀለለት ቤተሰብ ገንዘብ ብቻ ከተከፈለው የተሻለ ጥሪት እንዳፈራ አገኙ። ዘመኑን አስታውሱ፤ የእህል ዋጋ ጣሪያ የነካበት ነበር። በ2008 የቀኑ ክፍያ ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም ገበያው ጥሎት ሄዶ ነበር። ዋጋ በተረጋጋበት አገር ጥሬ ገንዘብ ቢሻል አይገርመኝም። ስለዚህ ኬንያ ውስጥ ገንዘብ ሠርቷል ተብሎ ካምባ ላይ ይሠራል ማለት አይደለም፤ የካምባ ገበያ ላይ የሚሸጥ እህል መኖሩን መጠየቅ ይቀድማል።

በየቢሮው የምንሰማውን ወሬም እንመልከት፤ ሴፍቲኔት ሕዝቡን ሰነፍ አደረገ ይባላል። ጥናቶቹ ይህን አላገኙም፤ ተቀባዮቹ የራሳቸውን ሥራ አልተዉም። ወሬው ግን ከጥናቱ ይልቅ እድሜ አለው። በአንጻሩ የፕሮግራሙ ወዳጆች መስማት የማይወዱትም አለ። የሕፃናት መቀንጨር ላይ ሴፍቲኔት ለውጥ አላመጣም፤ በ2017 የወጣ አንድ ጥናት ይህን በግልጽ ጽፏል። እህል የሞላበት ቤት የሕፃን ሰውነት የግድ አይገነባም፤ ውኃው፣ መጸዳጃው፣ የእናቲቱ ጊዜ፣ የምግቡ ዓይነት አለበት። የደጋችን ቆጮ ሆድ ይሞላል፤ ፕሮቲኑ ግን አነስተኛ ነው።

ምርቃት የሚባለውንም ሳልነካ አላልፍም። ከሴፍቲኔት የሚመረቅ ሰው ጥሪቱ ሞልቶ ራሱን የቻለ መሆን ነበረበት። ኮታ ሲመጣ ግን የቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ስም መፈለግ ጀመረ፤ ሳይበስል የተመረቀው ብዙ ነው። ስንት ሰው ተመረቀ የሚለው ቁጥር የኮታውን እንጂ የኑሮውን ለውጥ አይለካም። የግምገማ ጥበብ የተበላሸ የሚመስለኝ እዚህ ላይ ነው፤ መለኪያው ራሱ ግብ ሲሆን መለካት ያቆማል።

አሁን ስለ ዕጣ ልናገር፤ ብዙዎቻችሁ ስለዚህ ለመስማት እንደመጣችሁ እገምታለሁ። ሰዎችን በዕጣ ለይቶ ለአንዱ መስጠት፣ ለሌላው አለመስጠት የጭካኔ ሥራ ይመስላል። ዕቁብ የሚጥል ሰው ግን ምሥጢሩን ያውቀዋል። አሥራ ሁለቱ አባላት እኩል ይጥላሉ፤ ቀድሞ የወጣለት በስድስተኛው ወር ካልወጣለት የሚለየው በጉብዝና ወይም በዘመድ አይደለም፣ በዕጣ ብቻ ነው (ዕጣ የሚሸጥበት ዕቁብ ካልሆነ በቀር)። እንግዲህ በስድስተኛው ወር ላይ የወሰዱትንና ገና ያልወሰዱትን ብናስተያይ የምናየው የገንዘቡን ሥራ ነው። በዕጣ የሚደረግ ጥናትም ሐሳቡ ይኸው ነው። በጀቱ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የማይበቃ ከሆነ ማን ይቅደም የሚለውን ግብረ ኃይሉ በዝምድና ከሚወስን ዕጣው ይወስን፤ ተራው ያልደረሰው እስኪደርሰው ማነጻጸሪያ ይሆነናል። የት እንደማይገባም ልናገር። የተራበ ሰው ፊት ዕጣ አይጣልም፤ በጀቱ ለሁሉ ከበቃም ዕጣ አያስፈልግም። ለ2019 የኖቤል ሽልማት የበቁት አብሂጂት ባነርጂ፣ ኤስተር ዱፍሎና ማይክል ክሬመር ይህንን መንገድ ነው ለድህነት ጥናት ያስለመዱት።

በአገራችንም ተሠርቶበታል። በ2017 የከተማ ሴፍቲኔት አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር ቀድመው የሚገቡት ሠፈሮች በዕጣ ተለይተው ነበር። ግሩም አበበና ሦስት ባልደረቦቹ ይህን ተከትለው በ2024 ያሳተሙት ጥናት ያልተጠበቀ ነገር አሳይቷል። ሰዎች ወደ ሴፍቲኔት ሥራ ሲሄዱ በግል ሥራ ላይ የሚገኝ ጉልበት ቀነሰ፤ ስለዚህ ቀጣሪው ደመወዝ ለመጨመር ተገደደ። ፕሮግራሙ መላውን ከተማ ሲያዳርስ የግል ሥራ ደመወዝ በ18.6 በመቶ ከፍ እንደሚል ሠርተው አሳይተዋል። ሴፍቲኔት ውስጥ ስሙ የሌለ የቀን ሠራተኛም ተጠቀመ ማለት ነው። ተቀባዩን ብቻ ብትጠይቁ ይህን መቼም አታገኙትም።

ወጣቶችን የሚመለከተው ሌላ ነው። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲከፈት ከዞናችን የሄዱ ልጆች እንዳሉ ታውቃላችሁ፤ ከእነሱ ብዙዎቹ ለምን እንደተመለሱም ትጠይቃላችሁ። ክሪስ ብላትማንና ደርኮን ከዚያ ቀደም ብለው አምስት ድርጅቶች ዘንድ ለመቀጠር ካመለከቱ 1,000 ገደማ ሰዎች መካከል በዕጣ ለአንዳንዶቹ ሥራውን፣ ለአንዳንዶቹ የአምስት ቀን የንግድ ሥልጠናና 300 ዶላር ገደማ ሰጡ፤ ሌሎቹ ማነጻጸሪያ ሆኑ። ፋብሪካ መቀጠር ከድህነት ያወጣል ብሎ ሁሉም ይጠብቅ ነበር። በዓመቱ ከተቀጠሩት ከየአራቱ ሦስቱ ሥራውን ለቀዋል፤ ገቢያቸው ካልተቀጠሩት አልበለጠም፤ የጤና እክል ግን ጨምሮባቸዋል። ገንዘብና ሥልጠና ያገኙት ገቢያቸው በሲሶ አደገ። ገንዘቡ አሸነፈ እንዳትሉ፤ ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲጠይቁ በሦስቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቷል። አንድ ዓመት ላይ ቆመው ቢሆን ሌላ ታሪክ ይነግሩን ነበር። የአነስተኛ ብድርን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ከ2003 እስከ 2006 በአማራና በኦሮሚያ 133 ቀበሌዎች ላይ በዕጣ የተደረገው ጥናት ብድር መድረሱን፣ ሰው መበደሩን፣ የአማካይ ቤተሰብ ኑሮ ግን ያን ያህል አለመቀየሩን አሳይቷል።

እስካሁን በብዙ አገር በጎ ውጤት ያሳየው ብዙ ነገር አጣምሮ የሚሰጠው ፕሮግራም ነው፤ ከብት ወይም ሌላ መነሻ ጥሪት፣ ጥሪቱን ሸጦ እንዳይበላ የሚያደርግ የምግብ ድጎማ፣ ሥልጠና፣ ቁጠባ፣ ለሁለት ዓመት ያህል ቤት ለቤት ክትትል። በስድስት አገሮች ተሞክሮ ውጤቱ በ2015 ሲታተም ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች፤ የተሠራው ትግራይ ውስጥ ሲሆን ድጎማው ያው ሴፍቲኔቱ ነበር። የእኛ ውጤት ጥሩ ነበር። ሆንዱራስ ላይ ግን ከሸፈ፤ ከተሰጡት ዶሮዎች ብዙዎቹ በበሽታ አለቁ። ሥልጠናውን፣ ክትትሉን፣ ቁጠባውን ሁሉ አንድ የዶሮ በሽታ ዋጠው። በየወረዳችን ዶሮ የሚያከፋፍሉ ወዳጆቻችን ክትባቱ አብሮ መምጣቱን እንዲያረጋግጡ እለምናለሁ። የትግራዩም ቢሆን ከሰባት ዓመት በኋላ ሲታይ ልዩነቱ ደክሟል።

አሁን የቀረኝ የጨንቻ ድንች ነው፤ አማካይ ቁጥር የሚደብቀውን ስለሚያሳይ። የተሻሻለ የድንች ዘር ጨንቻ ገብቶ ምርት ጨምሯል፤ በአማካይ ካየነው ጥሩ ነው። የኔነሽ ታደሰ በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቷን ስትሠራ ዘሩ ከመጀመሪያዎቹ ገበሬዎች እጅ ወደ ማን እንደሄደ ተከተለች። ዘሩ የሄደው በዘመድ፣ በጎረቤትና በወዳጅ ሰንሰለት ነው፤ ያለው ላለው ይሰጣል፣ የደኸየው ሰንሰለቱ ውስጥ እምብዛም አይገባም። ዘር ከገበሬ ወደ ገበሬ ይዳረሳል የሚለው ዕቅድ ልክ ነበር፤ ወደ የትኛው ገበሬ የሚለው ግን ሳይጠየቅ ቀርቶ ነበር። የጋሞን ደጋ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሊያስገርም አይገባም፤ እኔን የሚያስገርመኝ ከጥናቱ በኋላም በየዓመቱ ያው ዕቅድ መጻፉ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ ለሚለኝ ሦስት ነገር አለኝ። የመጀመሪያው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲን ይመለከታል፤ ዩኒቨርሲቲው በ1986 የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረ ቢሆንም ዛሬ ከውኃ ውጭም ብዙ አቅም አለው። በ2009 በአርባ ምንጭ ዙሪያ ወረዳ ዘጠኝ ቀበሌዎች የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ማዕከል አቋቁሟል። ልደትና ሞት፣ መግባትና መውጣት በየቤቱ ይመዘገባል። ዶማን ሃያ ዓመት የተከታተሉት ሰዎች ከብዙ አገር ገንዘብ ለምነው ያገኙትን ዓይነት መዝገብ እኛ ደጃችን ላይ አለን፤ የቤተሰብ ጥሪትና የረሃብ ወራት ጥያቄዎች ቢጨመሩበት ማንኛውም ፕሮጀክት በእነዚያ ቀበሌዎች ሲገባ የመነሻ ጥናቱ ተሠርቶ ይጠብቀዋል። ወጪው ከአንድ ፕሮጀክት የመኪና ነዳጅ ይበልጣል ብዬ አላምንም።

ሁለተኛው የፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶችን የሚመለከት ነው። ድርጅቶች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የፕሮጀክት ስምምነት ይፈርማሉ፤ በስምምነቱ ውስጥ የአጋማሽ ዘመንና የማጠናቀቂያ ግምገማ አለ። በዚያ ላይ አንድ አንቀጽ ብቻ ይጨመር፤ የመነሻ ጥናቱ ፕሮጀክቱ የማይደርሳቸውን ቀበሌዎችም ይያዝ፣ የማጠናቀቂያውም እነሱን ይጠይቅ። ቅር የሚላቸው ድርጅቶች ይኖራሉ፤ ከዚህ በፊት ይህን አንስቼ ወጪ ያበዛል የተባልኩበት ስብሰባ አለ፤ የድርጅቱን ስም ልተወው። ወጪ ያበዛል፣ እውነት ነው። በየሦስት ዓመቱ ያው ፍየል ያው ቀበሌ መግባቱም ወጪ ነው።

የመጨረሻው የዶማ ጉዳይ ነው። ከዚያ መንደር የተሰበሰበው መረጃ ዛሬ ማንም ተመራማሪ በነፃ የሚያገኘው ነው፤ የዶክትሬት ማዕረግ ያገኙበት ብዙዎች ናቸው። ጽሑፎቹ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም በእንግሊዝኛ ናቸው። ለሃያ ዓመት ደጃፋቸው ላይ የተጠየቁት ቤተሰቦች መንገድና የልማት ሠራተኛ ይህን ያህል ለውጥ አምጥተዋል ተብሎ በባህላዊው ሸንጎ በዱቡሻ ተሰብስበው ሊነገራቸው፣ ልክ ነው ወይም ልክ አይደለም ሊሉ ይገባ ነበር። ወደዚህ ዞን ለጥናት የምትመጡ፣ እዚህ አዳራሽ ያላችሁ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም ጭምር፣ የጥናት በጀታችሁ ላይ ወደ ቀበሌው የምትመለሱበትን ቀን አበልና ትራንስፖርት አሁኑኑ ጻፉት። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ካሉት እናቶች እንጀምር።